መሥሪያ ቤት የሌላት ሠራተኛ

ጋምቤላ ከተማ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የጤና መድን አባላትን እመዘግብ ነበር። ሥራው የሚከብድ አልነበረም። ሰው ይመጣል፤ መታወቂያውን አያለሁ፣ የቤተሰቡን ስም እጽፋለሁ፣ ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ ኃላፊው ማህተም ያሳርፋል። ኃላፊያችን ማህተሙን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ቀብር ሲሄድ እንኳን አይለየውም። እሱ ለቅሶ ሲቀመጥ የቀበሌው ሕመምተኛ ሁሉ በረንዳችን ላይ ይቀመጣል።

በሙቀቱ ወራት አንድ ጠዋት አንዲት ረጅም ሴት መጣች። አንገቷ ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት አለ። ከደቡብ ሱዳን ተሰድዳ ኩሌ ካምፕ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ስታገኝ ከተማ ገብታ አንድ ክፍል ተከራየች። ወረቀቶቿን በፕላስቲክ አቃፊ በሥርዓት ደርድራለች። እንዲህ ተሰናድቶ የሚመጣ ሰው እኛ ቤት ብርቅ ነው፤ እኛ ራሳችን እንዲያ አልነበርንም።

«የት ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«ቤት ውስጥ።»

«የቤት ሠራተኛ ነሽ?»

«አይደለም። በራሴ ቤት። ኮምፒውተር አለኝ። በኑዌር ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ይልካሉ፣ እኔ ሰምቼ እጽፋለሁ። ድርጅቱ ውጭ አገር ነው።»

«እዚህ ቢሮ የለውም?»

«የለውም፣ እህቴ። ቢሮው እኔ ነኝ።»

አቃፊዋን ይዤ ወደ ኃላፊው ገባሁ። የሥራ ፈቃዷን እንደ አጠራጣሪ ብር ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ይቺ ደመወዝተኛ ናት» አለ። «የኛ መድን ለገበሬና ለትንሽ ነጋዴ ነው። ደመወዝተኛ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይግባ። አሠሪዋ ደብዳቤ ይጻፍላት።»

«አሠሪዋ ውጭ አገር ነው።»

«እንግዲያው እዚህ ሥራ የላትም ማለት ነው።»

«ሥራ ከሌላት እኛ ጋ ትመዝገባ።»

«የሥራ ፈቃድ ይዛ እንዴት ሥራ የላትም ትያለሽ?» አለና በድንቁርናዬ አዘነ። «ለመሆኑ ስደተኛ አይደለችም? ካምፕ ሄዳ ትታከም።»

ይህን ሁሉ ያለው ሳይስቅ ነው። እኔም ሳልስቅ ወጥቼ ነገርኳት። እንዲያውም «መመሪያው ነው» አልኩ፤ መመሪያውን ግን አንድ ቀን ከፍቼ አንብቤው አላውቅም።

ኩሌ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋ ሻክሯል። የካምፑ ክሊኒክ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቷት፣ ኦፕራሲዮን እንደማይሠራ ነግሯት፣ «አንቺ አሁን የከተማ ሰው ነሽ፣ ከተማው ሪፈር ይጻፍልሽ» ብሎ መልሷታል። ለከተማው ስደተኛ፣ ለካምፑ ከተሜ ሆነች። ለኛ ለጸሐፊዎቹ እንዲህ ያለ ሰው ትልቅ እረፍት ነው፤ የማንም ስላልሆነ ማንም አይጠየቅበትም።

ለእናቴ አወራኋት። እናቴ በሰፈራ ከወሎ መጥታ እስከ ዛሬ በቆሎና ማሽላ የምታርስ ሴት ናት።

«እኛን በመኪና ጭነው እዚህ ሲያራግፉን ምን ወረቀት ጠየቁን?» አለች። «በኔ ቤተሰብ ውስጥ ልጄ ናት ብለሽ ጻፊያት።»

«እማዬ፣ ማን ያምነናል?»

«ማመን የነሱ ሥራ ነው፤ አንቺ ጻፊ።»

አልጻፍኩም። ፈራሁ። ፍርሃቴን ሕግ ማክበር ብዬ ሰየምኩትና በሰላም ተኛሁ።

ከወር በኋላ የመድን ምዝገባ ቅስቀሳ ሳምንት ታወጀ። በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ የሚነገር መልእክት በየቋንቋው መተርጎም ነበረበት። ኃላፊው ኑዌርኛ የሚጽፍ ሰው አጥቶ ሁለት ቀን ከተጨነቀ በኋላ፣ «ያቺ ኮምፒውተር ያላት ሴት ትጠራ» አለ። ሥራ የላትም ያለው እሱ ራሱ መሆኑን ፈጽሞ ረስቶታል።

መጣች። ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«‹በማንኛውም ሥራ የምትተዳደሩ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ማንም እንዳይቀር› ይላል» አለች። «እኔ በዚህ ‹ማንም› ውስጥ አለሁ?»

«አንቺ ብቻ ተርጉሚ» አላት ኃላፊው።

«እሺ፣ እተረጉማለሁ። እዚህ ቢሮ ሠርታለች የሚል ደብዳቤ ከማህተም ጋር ስጡኝ።»

ኃላፊው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ማህተሙ መኖሩን ሊያረጋግጥ ነው። «ይሄ ትብብር ነው እንጂ ሥራ አይደለም» አለ።

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ጻፈች፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ አንብባ አስቀዳች።

በማግስቱ መኪናው ከተማውን ሲዞር ገበያ ነበርኩ። ኑዌርኛው ሲጀምር ሰው ጆሮውን ሰጠ፤ ሲያበቃ ግን ሴቶቹ እየተያዩ ሳቁ። ከባሮ ዳርቻ አሳ አምጥታ የምትሸጥ አንዲት እናት ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«መልካም ነገር ነው፣ ሂዱ ተመዝገቡ ይላል» አለችኝ እየሳቀች። «መጨረሻ ላይ፣ ‹ይህን የማነብላችሁ እኔ ግን ተከልክያለሁ፤ እናንተ ሞክሩ› ትላለች።»

መኪናው ሳምንቱን ሙሉ ዞረ። ኃላፊው ሕዝቡ ሲስቅ አይቶ ደስ አለው፤ በሪፖርቱም «መልእክቱ በደስታ ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ ጻፈ። እውነቱን አልነገርኩትም። በዚያ ቢሮ ከሠራሁት ሁሉ የማልቆጭበት ያ ዝምታዬ ነው።

እንቅርቱ ግን በሳቅ አይሟሽሽም። መተንፈስ ሲያስቸግራት የቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን አዋጥተው ጅማ ወሰዷትና ኦፕራሲዮን ተደረገች። ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋት። በአንገቷ ዙሪያ ቀጭን ጠባሳ አለ። ዕድሜ ልክ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ታዞላታል፤ መድኑ አሁንም ያስፈልጋታል።

እዚያው እንደቆምን አፈርኩ። «ሳሙና ሽጪ» አልኳት።

«ምን?»

«በርሽ ላይ ጠረጴዛ አውጪ። ጥቂት ሳሙና ደርድሪበት። ነጋዴ መሆንሽን የሚያጣራ ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ።»

ሦስት ሆነን በመኪና ሄድን። ጠረጴዛው በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ ስድስት ሳሙና፣ አንድ ጣሳ ከረሜላ። ከጠረጴዛው ጀርባ እሷ ጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀምጣለች፤ ኮምፒውተሩ ጭኗ ላይ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሳሙናውን አንስቶ አሸተተ። ኮምፒውተሩን አላየውም፣ ወይም ማየት አልፈለገም። «ነጋዴ ናት» አለ። ኃላፊው ማህተሙን ያለ አንዲት ጥያቄ አሳረፈ። የመድን ደብተሯ ላይ፣ «የሥራ ዓይነት» ከሚለው ትይዩ፣ «ሳሙና ሻጭ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። አገር አቋርጦ በሚላክ ድምፅ የምትተዳደር ሴት ለኛ መዝገብ የማትታይ ነበረች፤ ስድስት ሳሙና ግን ከሩቅ ታየን።

ኪኒኗን ዛሬም በዚያ ደብተር ትወስዳለች። እኔ በዓመቱ ቢሮውን ለቅቄ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ሰሞኑን በቤቷ በኩል ሳልፍ ጠረጴዛው እንዳለ ነው፤ ሳሙናው በዝቷል፣ ክብሪትና ጨውም ተጨምሯል።

«ማሌ» አልኳት፤ ከሷ የተማርኩት ሰላምታ ነው። «ንግዱ ሰመረ እኮ።»

ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች። ተቆጥታለች።

«ጎረቤቶች የእውነት መሰላቸው» አለች። «ሥራዬን አላሠራ አሉኝ።»

ይህን ስትል አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ መጣች። መዝና ሰጠቻት፤ ከዚያ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች፤ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ።