ቅመም የጎደለው መስታወት

የቶርኖ ቤቱ ሰው ሁሉ «እጀ ወርቅ» ይላት ነበር። ሥራዋ ከምድጃ የወጣውን ነጭ ጠፍጣፋ፣ መስታወትም ሸክላም የሆነውን ነገር፣ መሰርሰር ነበር። ተራ መስታወት መሰርሰሪያ ሲነካው ይሰባበራል። ይኼኛው ግን እንደ ጥሩ እንጨት ይላጋል። ሲቀልጥ ፍሎራይድ የሚባል ዱቄት ይጨመርበታል፤ በኋላ ዳግመኛ ሲግል በሆዱ እንደ ቅጠል የተነባበሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ ስንጥቅ ቢነሳ እንኳ እነሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዱቄቱን መዝኖ የሚጨምረው ታላቅ ወንድሟ ነው። እዚያ ያስቀጠራትም እሱ ነው፤ ይህንን ገበታ በቀረበ ቁጥር ሳያነሳ አይቀርም።

አንድ ክረምት ጠፍጣፋዎቹ እጇ ላይ ይሰነጠቁ ጀመር። ፍጥነት ቀነሰች፣ መሰርሰሪያ ቀየረች፣ ውኃ አበዛች። የተለወጠ ነገር የለም። ፎርማኑ ስብርባሪውን በአካፋ እያስዛቀ፣ «እጀ ወርቅ፣ ወርቁ ለቀቀ እንዴ?» አላት። ሰው ሳቀ፤ ወንድሟም አብሮ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ስሟ «እጀ ሰባራ» ሆነ።

እናታቸው ቤት ምሳ ላይ፣ «ጋሼ፣ ዕቃው የተለየ መሰለኝ» አለችው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አላት ቀና ሳይል።

«ወንድምሽን አታሳጪ» አለች እናትየው።

ከዚያ አንዱ ጠፍጣፋ ፈነዳ፤ ስንጣሪው መነጽሯን ሰብሮ ግራ ዓይኗን አጠፋው። ከሐኪም ቤት ወጥታ ወደ ሥራ ስትመለስ ዘበኛው በር ላይ አቆማት፤ በግዴለሽነት ተባርራለች። በቦታዋ የወንድሟ ሚስት እህት ገባች። እሷ እጅ ላይ አንድም አልተሰበረም፤ ፎርማኑም «እጅ ማለት ይኼ ነው» ይል ጀመር።

ይህንን ስትሰማ ወንድሟ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ እጁን ሲታጠብ አገኘችው።

«የዱቄቱ ጢስ ጉሮሮዬን ሲፈጀኝ ቀነስኩት» አላት፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። «አሁን የጢስ መሳቢያ ገጠሙልኝ፤ መልሼ ሞላሁት።»

«ሲስቁብኝ ምክንያቱን ታውቅ ነበር?»

«ባውቅስ? ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ። ሚስትና ልጆች አሉኝ። አንቺ ማን አለሽ?»

«አንተ ነበርከኝ» አለችው።

እጁን በፎጣ አደራረቀና ገባ።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «በይ ለሰው እንዳታወሪ፤ የሚጦረኝ እሱ ነው» አለቻት።

አላወራችም። ዛሬ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታጥፋለች። መስታወት የያዘ ሳጥን ሲመጣ ግን ፈቀቅ ትላለች፤ ሌላ ሰው ያነሳላታል።