ቁጥር የወጣለት ዱካ

ሰሞኑን አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ወጣቶች የሕዝብ መቀመጫ ላይ ስማቸውን በሚስማር ሲጭሩ አየሁ። «ተዉ እንጂ፣ የሕዝብ ንብረት ነው» ብላቸው አንደኛው፣ «እኛስ ሕዝብ አይደለንም እንዴ፣ እማማ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። መልስ አላጣሁም፤ ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራሁ ሴት ነኝ። መልሱን የተማርኩት ግን ከሥልጠና አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጉለሌ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀይ ቀለምና ብሩሽ ተሰጥቶኝ ግቢ ውስጥ ባለ ዕቃ ሁሉ ላይ ቁጥር እንድጽፍ ታዘዝኩ። አቤት ኩራቴ። ወንበር አልቀረኝ፣ ባልዲ አልቀረኝ። ክረምት ስለነበር ቀለሙ አልደርቅ እያለ እጄን አቀላው። በር ላይ ስደርስ የዘበኛችን የጋሽ ወርቁ መቀመጫ ዱካ አለ፤ ሟች ባለቤታቸው ያሠራችላቸው የወይራ ዱካ።

«ልጄ፣ ይሄ እንኳን ከቤቴ ያመጣሁት ነው» አሉኝ።

«ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ የመንግሥት ነው» ብዬ ጻፍኩበት። የተረከቡት እሳቸው ናቸው ብዬም በስማቸው መዘገብኩት።

ጥቅምት ላይ ጡረታ ወጡ። ለዚያ ደግሞ ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ በስማቸው የተመዘገበ ዕቃ ካለ መመለስ አለባቸው። አንድ ጠዋት ዱካውን ወልውለው፣ ተሸክመው መጡ። ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጡትና «ተረከቢኝ» አሉ። ቁጣ እንኳን የለባቸውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ስህተቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት።

«ከመዝገብ እንዲሁ አይሰረዝም» አለኝ። «አንቺም የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም። ብታስቢበት ይሻልሻል።»

አላሰብኩበትም። የግለሰብ ንብረት የመንግሥት ብዬ መመዝገቤን ጽፌ ፈረምኩ። ዱካው ተሰረዘ፣ የኔም የሙከራ ጊዜ ተራዘመ።

በማግስቱ ዱካውን ታቅፌ፣ በእንጦጦ ዳገት ባሕር ዛፉ እየሸተተኝ ጋሽ ወርቁ ቤት ወጣሁ። የባቄላ እሸት አቀረቡልኝ። ቤንዚን ይዤ ነበርና «ቁጥሩን ላጥፋልዎት» አልኳቸው።

«ተዪው» አሉ። «መንግሥት የወሰደውን መለሰልኝ ብል ማን ያምነኛል? ቁጥሩ ይመስክርልኝ።»

እናም እነዚያን መቀመጫ የሚጭሩ ወጣቶች፣ «ሕዝብማ ናችሁ፤ ብቻችሁን ግን አይደላችሁም» አልኳቸው። አላፈርኩም፣ አልፈራሁም። የሰውን ለሰው ያልመለሰ ሰው የሕዝቡን አትንኩ ቢል ማን ይሰማዋል? እኔ መልሻለሁ። ስለዚህ እናገራለሁ።