ቡቺን አጥቤ ሽምግልና የሄድኩ ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት ነው... ቡቺን ላናፍሰው ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው መንገድ ይዤው ወጣሁ። ቡቺ የሟች ባለቤቴ ውሻ ነው። እኔ ውሻ አልወድም፤ እሱም ያውቃል። የሚተኛው ግን አልጋዬ ላይ ነው።

ከቆሻሻ ገንዳው ሥር አንዲት ድመት መሳይ ጥቁር ነገር ብቅ አለች። ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር አላት። ቡቺ ዘሎ ሄደባት። እሷ አልሸሸችም... ዞር ብላ ጅራቷን አነሳች። የመጣው ሽታ ጎማና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት ነው።

ቀኑ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስምንት ሰዓት ላይ ቫን ናይስ ሰፈር ለእህቴ ልጅ ለዮናስ የጋብቻ ሽምግልና አለብኝ። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ብሎ መልሶናል። ዛሬም ከመለሰን ልጁ ተስፋ ሊቆርጥ ነው።

ግሌንዴል ለምትኖረው ልጄ ለሰናይት ደወልኩ።

«አባዬ፣ ስካንክ ናት የረጨችው! የሚታጠብበትን ቴክስት አደርግልሃለሁ።»

ቴክስቱ መጣ... በእንግሊዝኛ። መልሳ ስትደውል «መነጽሬን አጣሁት» አልኳት።

«ኦኬ፣ እኔ ላንብብልህ...»

«ውሻ ማጠብ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ዘጋሁት።

ሎሚ ጨመቅኩ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ ሙቅ ውሃ ለቀቅኩ። ቡቺን የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አቅፌ አንድ ሰዓት ፈተግኩት። እሱ ሲያራግፍ እኔ ስበሰብስ... ሙሉ ልብሴን ደግሞ እንፋሎቱ ጭምድዱን እንዲያወጣልኝ ብዬ እዚያው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ስጨርስ አሸተትኩት። ምንም የለም! ጠረኑ ጠፍቷል ብዬ ኮራሁ። ለካ የጠፋው አፍንጫዬ ነው።

አብሮኝ የሚሸመግለው ጋሽ ተካ በመኪናው ወሰደኝ። ፈጣን አውራ ጎዳናው፣ ፍሪዌዩ ላይ ስንወጣ አራቱንም መስኮት ከፈተ።

«ሰውዬ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

«ፍሪዌዩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይከተለናል?»

ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ቫን ናይስ ደርሰን ስንገባ የልጅቷ እናት ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ሳበች። አክብራኝ መስሎኝ እጅ ነሳሁ።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ አባትየው።

እኔ ወጉን አውቃለሁ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም። ደረቴን ነፍቼ «ልጅዎን ለልጃችን ካልፈቀዱልን ከዚህ ንቅንቅ አንልም!» አልኩ። ብዬም ወደፊት አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ።

አባትየው አፉን ከፈተ... «እናስብበት» ሊል እንደሆነ አውቄዋለሁ። አየር ሲስብ ግን ጠረኑ ገባበት። ሳለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ኧረ ስጥ አንተ ሰውዬ!» አለች እናትየው በነጠላዋ ውስጥ። «አዲሱ ሶፋ ላይ ሳይቀመጡ ስጣቸው!»

«ሰጥተናል!» አለ እየሳለ። «ሰጥተናል፣ ይባረኩ፣ በሩን ክፈቱት!»

ሦስት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ... አፌ ውስጥ ቀረ።

ጋሽ ተካ ደጅ ላይ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ አሸተተና «ያ ፍሪዌይ ኮትህ ውስጥ ነው ያለው!» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ስንመለስ ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ።

አመሻሽ ላይ ሰናይት መጣች። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ቤኪንግ ሶዳና የዕቃ ሳሙና በባልዲ ቀላቀለች። ዓይኑን እየጠበቀች ቡቺን ቀባችው፣ አምስት ደቂቃ ቆይታ አጠበችው። ሽታው ብን ብሎ ጠፋ። እኔንም ባልዲው ውስጥ ልትነክረኝ ትንሽ ነው የቀራት።

«አባዬ፣ ጠዋት ብትሰማኝ ኖሮ እኮ...»

«ጠዋት ብሰማሽ ኖሮ ዮናስ ዛሬም ‹እናስብበት› ላይ ነበር» አልኳት።