ልብስ ሰፊዋ ለጉንጯ የሰፋችው ማሰሪያ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይላታል። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ አይታ የወገቡን ልክ ስለምትናገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ስታሰፋና ስታጠብ ኖራ፣ ከጆሮዋ ሥር የወጣችውን እብጠት ግን «ብርድ ነው» እያለች አራት ዓመት ተሸከመቻት። በኋላ ባሏ እጇን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ የምራቅ እጢዋ ላይ ያደገውን ነገር ቀዶ አወጣላት። ሲመረመር ክፉ አለመሆኑ ታወቀና እፎይ አለች።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። በሳምንቱ ምሳ እየበላች ሳለ ጉንጯ ተነፋ። ሐኪሙ ፈሳሹን በመርፌ ስቦ አወጣና፣ «ከቀረው እጢ ምራቅ እየፈሰሰ ከቆዳው ሥር ተጠራቅሟል። ቦታው ተጭኖ ከቆየ ይደርቃል። ሁለት ሳምንት በፋሻ ይታሰራል» አላት።

ቁስል የምታጥበው ነርስ ጉንጯ ላይ ጋዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ ወፍራም ጥቅል አድርጋ፣ ከአገጯ ሥር እስከ አናቷ በፋሻ ጠመጠመችላት። ችግሩ ሜትር ወሬ ትወዳለች። ደንበኞቿ «ጥርስሽን ነው?» ሲሏት ለእያንዳንዱ ከሥር ከመሠረቱ ታስረዳለች፤ አስረድታ ስትጨርስ ፋሻው አንገቷ ላይ ነው።

«ያንቺ መድኃኒት እኮ ፋሻው ሳይሆን ዝምታው ነው» ይላታል ባሏ።

«አንተ ሠላሳ ዓመት ዝም ብለህ ምን አተረፍክ?»

በአራተኛው ቀን ነርሷ እንዳይላላ ብላ ጠበቅ ስታደርገው ደግሞ ራሷን ሲወቅራት ዋለ። ሜትር መስታወት ፊት ተቀመጠች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊቷን ደህና አድርጋ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ የከንፈሯ አንድ ጫፍ ዘመም ብሏል። ሐኪሙ ነርቩ ስለተነካካ ነው፣ በጊዜ ይመለሳል ብሏት ነበር። ቢሆንም ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ የራሷን ጭንቅላት ለካች። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቆረጠች፣ ላስቲክ ገጠመችበት፣ አናቷ ላይ እንደ ልጆች ጫማ ተጣብቆ የሚላቀቅ ማሰሪያ ሰፋችለት።

ሳታጠልቀው ጠዋት ለነርሷ ወሰደችላት።

«ልጄ፣ እኔ ሕክምና አላውቅም። ጨርቅ ግን አውቃለሁ። አይሆንም ካልሽኝ እጥለዋለሁ።»

ነርሷ ገለባብጣ አየችው። ጋዙን ከቦታው አድርጋ አጠለቀችላት፤ ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ሞከረችው። «ጣቴን ያስገባል፣ ግን ይይዛል። እስቲ ያውሩ፣ እናቴ።»

ሜትር ስለ ባሏ ሩብ ሰዓት አወራች። ማሰሪያው ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም ፈቀደ።

ጋዙ በየጊዜው እየተቀየረ ሁለት ሳምንቱ ሞላ። ሐኪሙ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ምራቋ ሲመጣ ጉንጯ ይነፋ እንደሆነ ለማየት ቁራጭ ሎሚ አስመጠጣት። እሱና ነርሷ ጉንጯን እያዩ ጠበቁ። ጉንጯ አልተነፋም። ከንፈሯም ቀና ማለት ጀምሯል።

ልትወጣ ስትል ነርሷ በሩ ላይ ያዘቻት። «እንደ እርስዎ የሆኑ ሁለት ታካሚዎች አሉኝ። ይሰፉልኛል?»

«ጭንቅላታቸውን ላኪልኝ» አለቻት። ነርሷ ክው ስትል፣ «ልኩን ነው ማለቴ» ብላ እየሳቀች ወጣች።