አረንጓዴ ጠርሙስ ፍለጋ ወደ ቡሬ

ፍኖተ ሰላም፣ ማለዳ

እህቴ ይመኙሻል ትኩሳት ከያዛት ሰንብቷል፤ ይተዋትና ይመለሳል። ንዳድ ይሁን በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ አልለየሁም። የምሠራበት የጣሊያን ሐኪም ቤት ሐኪም ከጦሩ ጋር ሲወጣ ማይክሮስኮፑንና አንዲት የግርሻ መርፌ ትቶልኛል። መርፌዋ ኃይለኛ ናት፤ ያለ ቦታዋ ከተወጋች የደከመን ሰው ትገድላለች። የይመኙሻልን ደም፣ ተሕዋሱ እንዲለይ ቀለም ቀብቼ፣ በማይክሮስኮፑ አየሁት። ቀለሙ ያረጀ ነውና ሁሉም ፈዛዛ ሮዝ ሆነብኝ። ሮዙን አጥቁሮ የሚያሳየው አረንጓዴ መስታወት ደግሞ ተሰብሮ ደቅቋል። እሷን ለእናታችን አደራ ብዬ፣ የወታደሮች የወይን ጠርሙስ ወደሚሸጥበት ወደ ቡሬ ተነሣሁ።

ማንኩሳ

ሜዳው ደርቋል። ሙቀቱ ዛፎቹን ከመሬት አንሥቶ ያንሳፈፋቸው ይመስላል፤ እኔም በበቅሎዬ ላይ ግማሽ እንቅልፍ ወስዶኛል። ጠላ ያቀመሱኝ እናት ትክ ብለው አዩኝና፣

«ምን አጥተህ ነው እንዲህ የከሳህ?» አሉኝ።

«ጠርሙስ።»

«ኧረ ለጠርሙስስ አይከሳም» ብለው ቆሎ ጨመሩልኝ።

ቡሬ

ገበያው ላይ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፤ አንዱ ቅጠልያ፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ። የትኛው ይሻላል? በስንክሳር የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉ ትዝ አለኝና ጠርሙሶቹን ልሞክርበት ዘመዳችን ቄሱ አባ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። የስንክሳራቸው ቀይ ደብዝዞ ከብራናው ጋር ተመሳስሏል። ጥቁሩ ጠርሙስ ገጹን ሁሉ ዋጠው። በቅጠልያው ሲያዩት ግን ስሙ ጠቁሮ ብቅ አለ።

አባ ስሙን በጣታቸው ተከተሉት። «ይህን ስም በልማድ ነበር የምጠራው፤ ለካስ ሌላ ቅዱስ ኖሯል» አሉና ሳቁ። «ስንቱን ቅር አሰኝቼ ይሆን። በጸሎት እንዳስባት፣ የታመመችው እህትህ የክርስትና ስም ማነው?»

«ወለተ ማርያም።»

«እሷን እንኳ አልስትም። ጠርሙሱን ስትሰብረው ከስባሪው ለእኔም ተውልኝ።»

መልስ

ቤት እንደገባሁ የቅጠልያውን ስባሪ በመስኮቱ ብርሃንና በማይክሮስኮፑ መሀል አቆምኩት። በደሙ ውስጥ ቀጫጭን ጥቁር ክሮች ተጠማዝዘው ታዩኝ። ግርሻ ነው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። መርፌዋን ወጋኋት።

ለማየት ብርሃን መጨመር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ መቀነስም እንዳለበት ከዚህ መንገድ ተማርኩ።

ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላ ይመኙሻል ደጅ ወጥታ ስባሪውን ዓይኗ ላይ አደረገች። የደረቀውን ሜዳ ቃኝታ፣

«ክረምት ገባ እንዴ?» አለችኝ።

«አልገባም» አልኳት። «ሲገባ ግን ታይዋለሽ።»