ከደንገጎ በሁለተኛ ማርሽ

ከደንገጎ ቁልቁለቱን ወደ ድሬዳዋ ስወርድ አንድ ከባድ መኪና ዳር ይዞ ቆሟል። የተቃጠለ የፍሬን ሽታ በመስኮቴ ገባ፤ ይህ ሽታ ሁልጊዜ አጎቴን ያስታውሰኛል። እኛ ቤት «አደር» ነበር የምንለው፣ በሶማሊኛ።

አደር ባለ ሁለት በር ቀይ ስፖርት መኪና ነበረችው። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ማርሹን አውጥቼ ፎሌ ካደረግኳት እጄን ቸብ ያደርገው ነበር።

«ናያ! አንቺ ልጅ፣ አሁን ማን ይያዝሽ? ፍሬን ብቻውን ታች አያደርስም። ወደ ሁለት መልሻት፣ ሞተሩ ይያዝሽ አቦ!»

ማርሽ ስቀንስ መኪናዋ ታጉረመርማለች፤ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። እሱ ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ሊሸጣት ወሰነ። ገዢው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር እየጠበቀን ነበር፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ጠመዝማዛው አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ የድሬ ሙቀት ተቀበለን፣ ከተማዋም ታየች።

«ፍሪሲዮን ርገጪ» አለኝ። ረገጥኩ። በገዛ እጁ ፎሌ አደረጋት። ሞተሩ ማጉረምረሙን ተወ፤ የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አደር፣ ምነው?»

«ትሂድ እስቲ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ከተማዋን እያያት ይሁን፣ እኔ እንዳላየው ፈልጎ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

አሁን እዚያው ሜዳ ላይ ደርሻለሁ። ከኋላዬ መኪና የለም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ እጄ ግን ከማርሹ አልተነሳም፤ እንደ አደር ፎሌ ላድርጋት ይሆን?