አርብ አርብ ወደ ዋጫ የሚሄደው ዲስክ

አልጣሽን ቦንጋ ውስጥ የማያውቃት የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። የአንድ የጫካ ቡና ገበሬዎች ማኅበር የዳታቤዝ ሠራተኛ ናት፤ ወንበሯ ላይ ያገኛት ሰው ግን ዕድለኛ ነው። ቦቲዋን አጥልቃ ጫካ ለጫካ ነው የምትዞረው። የትኛው የጫካ ክፍል የየትኛው ቤተሰብ ቀፎ መስቀያና ቡና መልቀሚያ እንደሆነ፣ እኛ ኮቦ የምንለው፣ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነበር። እሷ ከአፋቸው እየተቀበለች ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው።

የደካ ቀበሌው ሽማግሌ ጋሽ ሀብተ ማርያም መጀመሪያ አልነግርም ብለዋት ነበር።

"ያንቺ ሳጥን አንድ ቀን ቢቃጠልስ?"

"ቢቃጠልም ጋሼ፣ ቅጂው ሌላ ከተማ ተቀምጧል።"

ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ዛፉን፣ ወንዙን፣ ቋጥኙን እየመሩ አሳዩዋት።

ስለ ቅጂው የነገረቻቸው እውነቷን ነው። አርብ አርብ የዳታቤዙ ባክአፕ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጥና በሚኒባስ ሾፌር እጅ ዋጫ ወዳለው ቅርንጫፍ ይላካል። እሷ ጫካ ስለምትውል ይህን ሥራ ለሳሙኤል ሰጠችው። ሳሙኤል ሥራውን ያስተማረችው፣ የወንድ ልጇን ክርስትና ያነሳላት፣ አበልጇ ነው። ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ ስትወጣ ሁልጊዜ መልእክቱ ይደርሳታል፤ "አበልጅ፣ ባክአፕ ተሳክቷል።"

ባለፈው ክረምት መብረቅ ዳታው ሁሉ ያለበትን የቢሮውን ሰርቨር አቃጠለው። ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

"ምነው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!" አለች አልጣሽ። "ዲስኩ ዋጫ አይደል እንዴ ያለው?"

ዲስኩ መጣ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ባክአፑን መለሰችው። የዋጫ ገበሬዎች አሉ። የሺሺንዳዎቹም አሉ። ደካ ብላ ፈለገች፤ ባዶ። የተሳሳተች መስሏት ደግማ ጻፈች፤ ባዶ።

ፎልደሩን ከፈተችው። ፋይሎቹ ላይ የየአርቡ ቀን ተጽፏል፤ መጠናቸው ግን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነው። ዳታው በየሳምንቱ እየጨመረ ባክአፑ እንዴት አይጨምርም? ደካ ከመመዝገቡ በፊት የተቀዳ አንድ የቆየ ፋይል ስሙ ብቻ እየተቀየረ ሲመላለስ ከርሟል። እሷም አንዴ እንኳ ከፍታ አልሞከረችውም። አበልጅን "እስቲ አሳየኝ" ማለት እኮ በኛ ዘንድ ነውር ነው።

"ሰርቨሩ ሞልቶ እምቢ አለኝ" አለ ሳሙኤል ወለሉን እያየ። "ለጊዜው ብዬ ነበር። ከዚያ ለመናገር ፈራሁ።"

"ተሳክቷል ብለህ ስትጽፍልኝስ አልፈራህም?"

ሳሙኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መብረቁ ነው እንበል፣ አበልጅ። ማን ያውቃል?"

ይህን ስትነግረኝ ከባክአፑ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት ፊቷን ያጠቆረችው። "ደካ አብረን እንሄዳለን፤ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ" አለችው። እሺ አለ። በነጋታው መናኸሪያ ቆማ ብትጠብቅ የለም። ስልኩም ዝግ ነው።

ብቻዋን ሄደች። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከፋሲካ በኋላ አርፈዋል፤ የተቀበለቻት ልጃቸው ብርቄ ናት። አልጣሽ የደካ መዝገብ መጥፋቱን ነገረቻትና፣ "ወንድሞችሽ ድንበሩን ያውቁት ይሆን?" አለቻት።

"ከየት ያውቁታል?" አለች ብርቄ። "አባዬ አልጋ ላይ ሳሉ ንገሩን ብለናቸው ነበር። 'ለአልጣሽ ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ጋ አይጠፋም፤ አታድክሙኝ' አሉን።" ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። "ታዲያ እንዴት ጠፋብሽ?"

"የሳሙኤል ስም ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር" አለችኝ አልጣሽ። "ግን ዋጥኩት፤ አባቷ ሳሙኤልን አያውቁትም ነበር። ያመኑት እኔን ነው።"